የስለቱ ፖም

ደባርቅ፣ መጋቢት 3 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ጠዋት 1 ሰ.

ዛሬም ንፋስ። መድኃኒት አይረጭም። መርጫውን ከግምጃ ቤት አውጥቼ ነበር፣ መልሼ አስገባሁት። ዘበኛችን አያ ደሴ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ደስ ብሎታል። ንፋሱን የላከው እሱ ራሱ ነው የሚመስለው።

ነገሩ ይኸ ነው። የችግኝ ጣቢያው ፖሞች ዘንድሮ ገና መጀመሪያቸው ነው፤ ከልክ በላይ አፈሩ። በአንድ ዘለላ አምስት ስድስት ፍሬ ተጣብቋል። እንዲሁ ከተተወ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል፣ ቅርንጫፍም ይገነጠላል። ስለዚህ ከአ.አ. ሆርሞን መጣልን። በቆርቆሮ ያለ ነጭ ዱቄት። በውኃ ተበጥብጦ ሲረጭ ዛፉ ከፍሬው ግማሹን ራሱ ይጥላል፣ የቀረው ይወፍራል። ማሳሳት ይባላል። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ።

ለአያ ደሴ ሳስረዳው አማተበ። የያዘ ፍሬ ማርገፍ? ያውም በዐቢይ ጾም? "ኧረ ጌታዬ፣ እግዜር የሰጠውን!" አለ። ደክሞኛል። ከእንቅልፌ ስነሳ ጀምሮ ይደክመኛል።

ቤቴ በር ላይ ያለችው ፖም የሚካኤል ናት። የተሳለችው ሚስቴ ናት፣ አትጠገብ። አምና ክረምት፣ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ልጁ በሰላም ተወልዶ ለክርስትና ከበቃልኝ የዚችን ዛፍ የመጀመሪያ ፍሬ ለሰኔ ሚካኤል አስገባለሁ አለች። ልጁ ተወለደ። ለክርስትናም በቃ። ከዚያ በጥር ሞተ። ስለቱ ግን ሰምሯልና አይቀርም።

እሷ ዳባት፣ እናቷ ቤት ናት። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለድ፤ እዚያ ወለደች፣ እዚያ ቀበርን፣ እዚያው ቀረች። እኔ ልጁን ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። በክርስትናውና በቀብሩ። ስሙን እዚህ አልጽፍም። አንቺም አትጠይቂኝ፣ ማስታወሻዬ።

መጋቢት 6፣ ማታ

ንፋሱ ቆመ፤ ረጨን። እኔ የላይኛውን ረድፍ፣ አያ ደሴ የታችኛውንና በር ላይ ያለችውን። አረጫጨቱን አሳይቼዋለሁ። እንደ ጤዛ ስስ አድርጎ፣ አንዴ ብቻ፣ ቅጠሉ ሳያንጠባጥብ ማለፍ። ገባኝ አለ። የማይገባ ነገርም የለበትም።

ምሳ በልቼ ነበር? እንጃ። ሽሮ መሰለኝ።

ሰዉ አዝኖ እንደሁ እያለ ፊቴን ያየዋል። ከሱቅ ስኳር ስገዛ እንኳ ባለሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ሒሳብ የሚነግረኝ። ምንም የለብኝ። እውነቴን ነው የምልሽ። እንቅልፍ እተኛለሁ፣ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ሪፖርት እጽፋለሁ። ውስጤን ሳየው ቤቱን ቆልፎ የሄደ ሰው ግቢ ነው። ነገ ችግኝ ውኃ ይጠጣል።

መጋቢት 9፣ ከቀኑ 6 ሰ.

በር ላይ ያለችው ዛፍ ቅጠሏ ተጠማዝዟል። ዝልፍልፍ ብሏል። ሌሎቹ ትንሽ ጎንበስ አሉ እንጂ ደህና ናቸው። አያ ደሴን ጠራሁት። ይችን ስንቴ ረጨሃት? ፊቱ በራ። ለሌሎቹ እንዳልሁት አንድ አንዴ ብቻ ረጭቶ፣ በመርጫው የተረፈውን ሁሉ፣ እኔም በባልዲ ያስቀረሁትን ጨምሮ፣ ለሚካኤል ዛፍ ሰጥቷታል። ዙሪያዋን እየዞረ፣ እየደጋገመ፣ እስኪንጠባጠብ።

"ለታቦት ሲሰፈር ቁናው ይከመራል እንጂ በልክ ይሰፈራል እንዴ ጌታዬ? ለሚካኤል ሰስቼ ምን ልባል?"

ምን ይባላል አሁን? እዚህ አገር የስለት እህል ሲሰፈር ቁናው እስኪፈስ ይከመራል። የቁናውን አፍ በእጁ ጠርጎ ያስተካከለ ሰው ይታማል። እኔም አባቴ ሲከምር እያየሁ ነው ያደግሁት። ይኸ ፍሬ የሚጥል ነገር ነው ብዬው ነበር። ሰምቶኛል። ለሌሎቹ ዛፎች ይጣል፣ በመልአኩ ዛፍ ላይ ግን ማወፈሩን ብቻ ይሠራል ብሎ ነው ያሰበው። ሚካኤል ያውቅበታል ብሎ።

መቆጣት ነበረብኝ። ቁጣው የት እንዳለ ፈልጌ አጣሁት። እንግዲህ እናያለን ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

መጋቢት 13፣ ጠዋት

እየረገፈ ነው። ትናንት የወሩ ሚካኤል ነበር፤ አያ ደሴ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሲመለስ ዛፏ ሥር ጋቢውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። መሬቱ በእንጭጭ ፍሬ ተሞልቷል። ሌሎቹም ጥለዋል፣ እንደሚገባው፣ ከየዘለላው አንድ ሁለት እያስቀሩ። የሷ ግን ከነማንጠልጠያ ዘንጉ ነው የሚወርድ። አንዱ ሻይ ይዤ ከበር ስወጣ ጫማዬ ላይ አረፈ።

አያ ደሴ ያለቅሳል። ያን የሚያህል ሰው፣ ሪዙ ነጭ የሆነ፣ እንደ ሕፃን። ጉድ ሠራሁ፣ ሚካኤልን አስቀየምሁ ይላል። መጥረጊያውን ከእጁ ተቀብዬ እኔ ጠረግሁ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ልቤን አዳመጥሁት። ይመታል። ሌላ ነገር የለም።

ያው ቀን፣ ማታ

ጉድ ፈላ። የዳባት መኪና ሹፌር ከአማቴ መልእክት ይዞ መጣ። አትጠገብ ለሰኔ ሚካኤል እዚህ ትመጣለች። ስለቷን በገዛ እጇ ቆርጣ ልታስገባ። ከዚያ ትቅር ትመለስ አልተባለም። ዛፏ እንዴት ናት ብላለች።

ደህና ናት በልልኝ አልሁት። እርፍ! ለምን እንዲህ እንዳልሁ አላውቅም። አፌ ብቻውን ተናገረ።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ፍሬ ከሌለ ለምን ትመጣለች? እኔን ብላ የምትመጣ ቢሆን እስካሁን በመጣች። ያለኝ ዛፏ ብቻ ናት። ዛፏ ደግሞ እየረገፈች ነው።

ሚያዝያ 11፣ የፋሲካ ማግስት

ሦስት ፍሬ ተርፏል። አናቷ ላይ፣ የአያ ደሴ መርጫ ያልደረሰበት ቅርንጫፍ ጫፍ። ሦስት። በየጠዋቱ አንጋጥጬ አያለሁ።

ትናንት አያ ደሴ ጋ ፈሰክሁ። እምቢ ብል በሩን ይዞ ቆመ። ሚስቱ ቁርጥ ቁርጡን እየመረጠች ታጎርሰኛለች። ጎረስሁ። ጣዕም የለው። ከምግብ በኋላ አያ ደሴ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ለመሆኑ ለፋሲካ ባል በግ ጎትቶ ሚስቱ ዘንድ አይሄድም ወይ፣ ያዘነች ሴትስ ራሷን ይዛ ትመጣለች ወይ፣ ሄደው ነው የሚያመጧት አለ። ሥራ አለብኝ አልሁት። በፋሲካ ምን ሥራ? አላለኝም፤ ሚስቱን አየ፣ እሷ መሶቡን አየች።

ዳባት ሩቅ አይደለም። መኪና መሳፈር ነው። ግን ከተማው ከመግባትሽ በፊት መንገዱ በሚካኤል አጥር ሥር ያልፋል። ከመስኮት ግቢው ይታያል። የጽዱ ዛፍ ይታያል። ከጽዱ ሥር ያለውም ይታያል።

ሥራ አለብኝ።

ግንቦት 9፣ ከሰዓት

ሦስቱ እንዴት ወፈሩ! ሌሎቹ ዛፎች ላይ ያለው የሎሚ ያህል ነው፤ እነዚህ ከዚያ እጥፍ። ዛፏ ያላትን ሁሉ ለሦስት እያካፈለች። አያ ደሴ ትንሽ ልቡ መለስ አለ። አላልኩህም፣ መልአኩ ማወፈሩን ያውቅበታል አለኝ። ሳቅሁ መሰለኝ። ፊቴ ተንቀሳቅሷል።

ዛሬ የሆርሞኑን መመሪያ እንደገና አነበብሁ። ተምሬው የረሳሁት ነገር። ይኸው ዱቄት፣ ይኸው ራሱ፣ ፍሬው እንጭጭ ሳለ ከተረጨ ይጥላል። ሊበስል ሲቃረብ በጣም ቀጥኖ ከተረጨ ደግሞ ዘንጉን ያጠብቃል፣ እንዳይወድቅ ይይዛል። ለአያ ደሴ ነገርሁት። "የጣለው እጅ መልሶ ያዘ ነው የምትለኝ?" አለ። አዎ አልሁት። ከቆርቆሮው ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ሰኔ 1፣ ማታ

የበላይ ኃላፊያችን ከጎንደር በላንድሮቨር መጣ። ከረድፍ ረድፍ እየዞረ፣ ባርኔጣውን እያወለቀ እያደረገ፣ ጎበዝ ሙላት፣ ጎበዝ ይላል። ከዚያ በር ላይ ያለችውን አየ። ሦስቱን አየ። አፉን ያዘ። እነዚህን ቆርጬ ልውሰድ፣ ጎንደር ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጣቸው፣ ሆርሞን ምን እንደሚሠራ ሰዉ ይይ አለ። እጁን ሰደደ።

አይቻልም አልሁ።

ዞሮ አየኝ። እኔም ደነገጥሁ። ከጥር ወዲህ ለማንም አይቻልም ብዬ አላውቅም። የስለት ነው አልሁት። እጁን ወዲያው ሰበሰበ፤ የስለት ነገር ማን ይደፍራል? የማን ስለት ነው አለ፣ ለወሬ ያህል። የሚካኤል አልሁት። እሱማ ነው፣ ስለማን የተሳለ ነው አለ።

ኃላፊው ሰዓቱን አይቶ፣ ዝናም ሳይመጣብን እንንቀሳቀስ አለ። ከሄደ በኋላ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ስሙ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። መጥቶ ተመለሰ።

ሰኔ 4፣ ጠዋት

አንዱ ወደቀ። ሌሊት ዝናምና ንፋስ ነበር። ጭቃው ውስጥ አገኘሁት፣ ጎኑ ተተርትሯል። የወደቀ ለታቦት አይሆንም አለ አያ ደሴ፣ በድን እንዳየ ሰው ፊቱን እያዞረ። ሁለት ቀረ። ሰኔ ሚካኤል ሳምንት ነው።

ከሱቅ አዲስ የፍሊት መርጫ ገዛሁ፣ ምንም ያልነካው። ዱቄቱን በማንኪያ ጫፍ ቆንጥሬ በሙሉ ባልዲ ውኃ በጠበጥሁ። አያ ደሴ አልነካም አለ። መሰላሉን ብቻ ያዘልኝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ወጣሁ። ከቀጠነ ምንም አይሠራም። ከወፈረም እንጃ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሆነ ነገር ፈራሁ። ፈራሁ ብዬ ስጽፍልሽ ደስ ይለኛል ብልሽ ታምኚኛለሽ?

አንድ አንዴ ረጨሁ። እንደ ጤዛ። ወረድሁ።

ሰኔ 7፣ ማታ

አያ ደሴ ጠፋ። ጠዋት ጥበቃ ላይ የለም። ሚስቱም አታውቅም፤ በሌሊት ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ፣ ስንቅም አልያዘ ትላለች። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሳይ ዋልሁ።

አመሻሽ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ዛፏን ዙሪያዋን ድንጋይ ደርድሬላት ነበር፣ አትጠገብ እያቀበለችኝ። አንዱ የለም። ትልቁ። ቦታው እርጥብ ጉድጓድ ሆኖ ቀርቷል።

ገባኝ። ዳባት ነው የሄደ።

ሁለቱ ፍሬዎች አሉ።

ሰኔ 9፣ ከሰዓት 10 ሰ.

ተመለሰ። እግሩ አብጧል። ወንበር ሰጥቼው መሬት ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ሆነ።

ድንጋዩን ተሸክሞ በእግሩ ዳባት ገባ። አማቴ በር ላይ ድንጋዩን አንገቱ ላይ አድርጎ ተደፋ። ማሩኝ፣ የስለቱን ፍሬ ያረገፍሁ እኔ ነኝ አለ። ሰው ተሰበሰበ። አትጠገብ ወጣች። ምንም አታውቅም ነበር፤ ደህና ናት ነዋ ያስባልሁት። በገዛ እጇ ድንጋዩን ከአንገቱ አወረደች። ተነሱ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይፍታዎ አለችው። እግሩን አጠበችው። አብልታ አሳደረችው።

ይህን ሁሉ ነገረኝ። ከዚያ አየኝ። ጌታዬ አላለኝም።

"ልጄ፣ ስማኝ። አልመጣም ብላለች። ዛፏ ፍሬዋን ብትጥል አልቀየማትም አለች። እሱ ግን ልጁን አፈር አልብሶ እንዴት አንድ ቀን ተመልሶ አያየውም? ነው ያለችኝ። የተረፈ ፍሬ ካለ አባቱ ይዞ ይምጣ፣ ልጁ ለተኛበት ለዳባት ሚካኤል ያስገባ። ከሌለም ባዶ እጁን ይምጣ አለች።"

የልጁን ስምስ ይጠራል ወይ ብላ ጠይቃዋለች። ሰምቼ አላውቅም አልኋት አለኝ። "ለሷ ልዋሽ አልቻልሁም። አንተም አትቀየመኝ።"

አልቀየምሁትም። እግርህን ልጠብህ አልሁት፤ ኧረ በስመ አብ ብሎ እያነከሰ ወጣ።

እኔ አምስት ወር ሙሉ ትመጣለች እያልሁ በር አያለሁ። እሷ አምስት ወር ሙሉ ይመጣል እያለች በር ታያለች። አንድ ሽማግሌ፣ ያለ ጥፋቱ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ሄደ። እኔ መኪና መሳፈር አቃተኝ። አፈርሁ። ይኸው፣ ጻፍሁት። አፈርሁ።

ሰኔ 11፣ ንጋት 12 ሰ.

መኪናው 1 ሰ. ላይ ይነሳል። ዛሬ ዳባት አድራለሁ። ነገ ሚካኤል ነው።

ከደቂቃዎች በፊት መሰላሉን አቁሜ ወጣሁ። ሁለቱም አሉ፣ ቀይ ጎናቸው ጤዛ አዝሏል። አንዱን ያዝሁና ጠመዘዝሁት። የበሰለ ፖም ገና ሲነካ ነው የሚለቅ። አልለቀቀም። ሳብሁት። ቅርንጫፉ አብሮ ወደኔ መጣ እንጂ ዘንጉ አልለቅ አለ። መድኃኒቱ ይዞታል። ጥብቅ አድርጎ ይዞታል።

ያን ጊዜ መጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። የቀብሩ ዕለት አማቴ አልሰጥም ብላ ይዛው ነበር። ጥቅልል አድርጋ። ከእቅፏ የተቀበልሁት እኔ ነኝ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅሁ እኔ ነኝ። ቀላል ነበር። ምንም አይከብድም ነበር። ያኔ አላለቀስሁም፤ ዛሬ መሰላል ላይ ቆሜ አለቀስሁ። ጮኼ። አያ ደሴ ከታች መሰላሉን እንደያዘ ቆመ። በርታም አላለኝ። ሲበቃኝ መቀስ አቀበለኝ።

ቆረጥኋቸው። አጠብኋቸው። በጭድ ጠቅልዬ ዘንቢል ውስጥ አስገባኋቸው።

እዚያ ስደርስ ካህኑ ስለማን የተሳለ ነው ይለኛል። ስም ያስፈልጋል። በሰው ፊት ድምፄ እንዳይጠፋ አንቺ ላይ ልለማመድ።

ልጄ። አንተነህ።

አንተነህ ሙላት። ስመ ክርስትናው ኃይለ ሚካኤል።

አትጠገብ ትመለስ እንደሁ አላውቅም። አልጠይቃትም። ከጽዱ ሥር አብረን እንቀመጣለን፣ ከዚያ እሷ ያለችው ይሆናል። መኪናው ጥሩንባ ነፋ። አያ ደሴ ዘንቢሉን እኔ ላድርስልህ እያለ ይጠራኛል። አልሰጠውም። እኔ እይዘዋለሁ።